ከደምበጫ እስከ ኮርያ፤ የአካፋ ወታደር ትዝታ



የጦርነት ወሬ ሲነሣ ጆሮህ ምን እንደሚሻ ዐውቃለሁ። ተኩስ ይሻል፤ ጨበጣ ይሻል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ኰረብታ የሚወጣ ጀግና ይሻል። ይህ ክፉ ምኞት አይደለም፤ እኔም በተማሪነቴ እንዳንተው ነበርሁ። ዛሬ የማጫውትህ ግን ስለ አካፋና ስለ ዶማ ነው። በጦር ግንባር የሚኖር ወታደር ከሚተኩስበት ሰዓት ይልቅ የሚቈፍርበት ሰዓት እጅግ የበዛ መሆኑን፥ ሕይወቱም ብዙ ጊዜ ከጠመንጃው ይልቅ በአካፋው የምትጠበቅ መሆኗን የነገሩኝ በደምበጫ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው።

ደምበጫን የማታውቅ ብትሆን፥ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተህ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ስታመራ በጎዳናው ላይ የምታገኛት ከተማ ናት። መንገደኛ በአረቄዋ ያውቃታል፤ ገበሬ በጤፏና በበቈሎዋ ያውቃታል። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ፥ ክረምቱም የከበደ ስለ ሆነ፥ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ሰማዩ የተቀደደ ይመስላል። ይህን ዝናብ ልብ ብለህ ያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አዛውንቱ ዕድሜያቸው ከ90 ዓመት አልፏል። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈቀዱምና አልጽፈውም፤ የከተማው ሰው ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» እያለ ስለሚጠራቸው እኔም በዚሁ ልጥራቸው። ወጣቶች ሲከቧቸው የሚያቀርቡላቸው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ «ሃምሳ አለቃ፥ ኮርያ ላይ ስንት ጣሉ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ስንት ጣልህ ከምትለኝ ስንት ቈፈርህ ብትለኝ እነግርህ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። ወጣቱም የቀለደ መስሎት ይስቅና ይሄዳል። እኔ ግን፥ «እሺ ሃምሳ አለቃ፥ ስንት ቈፈሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ማታ ማታ እየተቀመጥን ያወጉኝን ነው እንግዲህ የማካፍልህ።

ቀለህና አካፋ

ሃምሳ አለቃ ጦርነትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፥ በሱዳን የሠለጠኑ ስደተኞች ከሚገኙበት ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋራ በደምበጫ አቅራቢያ የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተጋጠመ። ሻለቃው በቍጥር እጅግ አነስተኛ ሲሆን፥ ፊት ለፊቱ የመጣው ጦር መድፍና ብረት ለበስ መኪና ያለው ነበር። ጕዳቱም በሁለቱም ወገን ከባድ ሆነ።

«ተኩሱ ሲያባራ እኛ ልጆች ወደ ሜዳው ሮጥን» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። «ሌላው ልጅ ቀለህ ሲለቅም እኔ ዛቢያው የተሰበረ አካፋ አገኘሁ። አባቴ አዲስ ዛቢያ አበጀለትና በማሳችን ፈሰስ እናወጣበት ጀመር። ቀለሁ የልጅ መጫወቻ ሆኖ ቀረ፤ አካፋው ግን ቤታችንን ብዙ ዘመን አገለገለ።»

ፈሰስ ማለት፥ ለከተማ ልጅ ለማስረዳት ያህል፥ ገበሬ የዝናብ ውሃ ዘሩን እንዳያጥብበት በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ስፋቱና ዝንባሌው ዋዛ አይደለም። አቀበት ከሆነ ውሃው ይተኛና ዘሩን ያበሰብሳል፤ ቍልቍለቱ ከበዛ ደግሞ አፈሩን ጠራርጎ ይሄዳል። ይህን መለኪያ በዓይን የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ፥ ያለ ወረቀትና ያለ መነጽር መሐንዲስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ኮርያ

የኮርያ ጦርነት ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ሲጀመር፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹ ለደቡብ ኮርያ እንዲደርሱላት ጠየቀ። ኢትዮጵያ ይህን ጥሪ በዝምታ ልታልፈው አልቻለችም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አገራቸውን እንዲረዳ ሲማጠኑ፥ ማኅበሩ እጁን አጣጥፎ ተመልክቷልና። ያን ጊዜ የተነፈገችውን ርዳታ እርሷ ለሌላው ሰጠች። ተዋጊ ጦር ከላኩት 16 አገሮችም አንዷ ሆነች።

የተላከው ጦር ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ሲሆን፥ በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ የሚመራው 1ኛው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ፥ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ተጕዞ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የሚመራው 2ኛው ሻለቃ ተከተለ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዛዥነት 3ኛው ቃኘው ተተካ። ሃምሳ አለቃ በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣትና ተራ ወታደር ሆነው ከ3ኛው ጋራ ዘመቱ።

ቃኘው እግረኛ ጦር እንጂ የመሐንዲስ ጦር አልነበረም። የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሲሆን፥ መንገድ የሚጠርግ፥ ድልድይ የሚዘረጋና ፈንጂ የሚቀብር የክፍለ ጦሩ 13ኛ የመሐንዲስ ሻለቃ ነበር። ነገር ግን ምሽግ በመሐንዲስ ብቻ አይሠራም። ሃምሳ አለቃና ጓደኞቻቸው ከየጓዱ እየተመረጡ፥ ሽቦ ለመዘርጋትና ግንድ ለመሸከም ከመሐንዲሶቹ ጋራ ሌሊት ሌሊት ይሠሩ ነበር። «ጠመንጃውን በትከሻዬ እንደ ያዝሁ ወሬው ስለ ምስማር ነበር» እያሉ ይሥቃሉ።

ከመሬት በታች የተሠራ ቤት

በ1944ና በ1945 ዓ.ም. የኮርያ ጦርነት እንደ መጀመሪያው ዓመት ወዲያና ወዲህ የሚሮጥበት አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች በኰረብታዎች ላይ ፊት ለፊት ተፋጠው መሬት ውስጥ ገቡ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጦርነት በሕይወት የሚያድር ቤቱን ያሳመረ ነው።

አሠራሩን ሃምሳ አለቃ ሲያስረዱኝ፥ በእጃቸው ከዘራ በመሬት ላይ እየሣሉ ነበር። በመጀመሪያ ጕድጓዱ ይቈፈራል። በማእዘኖቹ ወፋፍራም ምሰሶ ይቆማል፤ በምሰሶው ላይ ወራጅ ይጋደማል፤ በወራጁም ላይ ግንድ ከግንድ ተጠጋግቶ ይረበረባል። በዚያ ላይ ውሃ እንዳያስገባ ቅጥራን የተቀባ ወረቀት ይነጠፋል፤ ቀጥሎ አፈር የተሞላ ጆንያ በላይ በላዩ ይደረደራል። ከሁሉም በላይ ድንጋይ ይለበጣል። ድንጋዩ ለጌጥ አይደለም። ከሰማይ የሚወርደው ጥይት ወደ ውስጥ ዘልቆ ሳይገባ በድንጋዩ ላይ እንዲፈነዳ ነው።

«በአገሬ ቤት ስሠራ ጣራው የሚያስፈልገኝ ለዝናብ ነበር» ይላሉ። «እዚያ ግን ጣራው ሁለት ጠላት ነበረበት፤ አንዱ መድፍ፥ ሌላው ዝናብ። ሁላችንም የምንፈራው መድፉን ብቻ ነበር።»

ከምሽጉ ፊት የሾህ ሽቦ በጥቅል በጥቅል ይዘረጋል። በሽቦው ላይ ባዶ የምግብ ቆርቆሮ ይንጠለጠላል፤ በሌሊት ጠላት ሲነካው እንዲንኳኳ ነው። ከሽቦው ወዲያ ፈንጂ ይቀበራል። በዚህ ሥራ ላይ መሐንዲሶቹ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፤ ፈንጂ የቀበረ ሰው፥ የቀበረበትን ቦታ በወረቀት ሳይጽፍና ሳይሥል ከዚያ አይሄድም። ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ፈረንጅ ምቀኝነት ቈጥረውት ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ገባቸው። የዛሬው ዘብ ነገ ይለወጣል፤ አዲሱ ቃፊር በጨለማ ሲወጣ ወዳጅ የቀበረው ፈንጂ ወዳጅነቱን አያውቅለትም። «ያልተጻፈ ፈንጂ ለጠላት ሳይሆን ለወንድም የተቀበረ ነው» የሚለው አነጋገራቸው ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ግንዱና ጆንያው የሚመጣው በሰው ጀርባ ነበር። መኪና ከኰረብታው ግርጌ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ኮርያውያን ተሸካሚዎች «ጂጌ» በሚባል ከእንጨት በተሠራ የጀርባ መሸከሚያ እየተሸከሙ በገደሉ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ለጦር አገልግሎት ዕድሜያቸው ያለፈ አባቶች ነበሩ። «የአባቴ እኩያ ሰውዬ ግንድ ተሸክሞ ሲመጣ ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነልኝም፤ ተቀብዬ ስሸከም ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት። በዚያ አገር የሰላምታው ነገር አላስቸገረንም» ይላሉ።

በዚያው በግንቦት 1945 ዓ.ም. ዮክና አንክል በሚባሉ የግንባር ኰረብታዎች ላይ ቃኘው ያደረገው ውጊያ በዓለም የጦር ታሪክ ውስጥ የተጻፈ ነው። በዚያው ወር በቃፊርነት የወጡ 15 ሰዎች በጠላት ሲከበቡ፥ መሪያቸው ማሞ ሀብተ ወልድ ያሳዩት ጀግንነት የኢትዮጵያን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይና የአሜሪካን የብር ኮከብ አስገኝቶላቸዋል። ሃምሳ አለቃ ስለዚህ ሲጠየቁ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ ከዚያም ወደ ራሳቸው ታሪክ ይመለሳሉ።

የሐምሌ ሌሊት

አሁን ዝናቡን የማስታውስህ ጊዜ ደረሰ።

የኮርያ ክረምት እንደኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ወንዞቹ ይሞላሉ፤ የኢምጂን ወንዝ ጊዜያዊ ድልድዮችን እየነቀለ ይወስድ ነበር። በኰረብታው ላይ ያለው አፈር ሲረጥብ ክብደቱ ይጨምራል፤ በጣራ ላይ የተደረደረውም ጆንያ እንዲሁ።

በሐምሌ 1945 ዓ.ም. አንድ ቀን፥ የሃምሳ አለቃ ጓድ ምሽጉ ውሃ ገባበት። ወታደሮቹ ተመካከሩና ከምሽጋቸው ወደ ኰረብታው ግርጌ የሚያወርድ ቦይ በጥድፊያ ቈፈሩ። ውሃው ወጣ፤ ወለሉ ደረቀ፤ እነርሱም ደስ ብሏቸው ተኙ። የጎጃሙ ልጅ በተለይ ተመሰገነ።

ሊነጋ ሲል ከታች ጩኸት ተሰማ። ከሥራቸው ያለው የሌላ ጓድ ምሽግ ተደርምሷል። መድፍ አልተተኰሰም፤ ጠላት አልመጣም። በውስጡ ከነበሩት ሦስት ወታደሮች ሁለቱ ወጡ፤ አንዱ በግንድና በጭቃ ሥር ቀረ። በአካፋ እንዳይቈፍሩ ሰውነቱን እንዳይመቱት ፈሩ። ስለዚህ በእጃቸው ጭቃውን እየዛቁ ከብዙ ድካም በኋላ አወጡት። ነፍሱ ተርፋለች፤ እግሩ ግን ተሰብሯል።

ሲነጋ የጓዱ አዛዥ መቶ አለቃ የጭቃውን ፈለግ እየተከተሉ ወደ ላይ ወጡ። ፈለጉ በቀጥታ የመራቸው ወደ አዲሱ ቦይ ነበር።

«ይገርፈናል ብዬ ነበር» ይላሉ ሃምሳ አለቃ፤ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። «መቶ አለቃው ግን አልቈጣም። ‹ይህን ቦይ ማን ቈፈረው?› አለ። ‹እኔ ነኝ ጌታዬ› አልሁ። ‹የት እንደሚጀምር ዐውቀህ ነበርን?› አለኝ። ‹አዎን› አልሁ። ‹የት እንደሚጨርስስ?› ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ከዚህ በኋላ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹ውሃህን ስታወጣ ውሃህን ተከትለህ ውረድ።› ግርፋት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።»

በማግሥቱ ከመሐንዲስ ሻለቃው አንድ አሜሪካዊ የበታች ሹም መጣ። ከኰረብታው አናት እስከ ግርጌ ድረስ ተመላለሰና፥ በጭቃው ላይ በዱላ አንድ ረጅም አግድም መሥመር ሣለ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ጓድ የየራሱን ቦይ መቈፈሩ ቀርቶ፥ የሁሉም ውሃ ወደዚያ ወደ ዋናው ቦይ እንዲገባ፥ ዋናውም ማንም ወደማይኖርበት ሸለቆ እንዲወርድ ተደረገ። «ቋንቋውን አስተርጓሚ እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም» ይላሉ። «የሣለው ፈሰስ ነበር፤ የአባቴ ፈሰስ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ያወጣው ለአንድ ማሳ ነበር፥ ይህ ግን የኰረብታው ሁሉ ነው።»

የሠሩትን ማፍረስ

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከጧቱ በ4 ሰዓት በፓንሙንጆም የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያው ቀን ምሽት 4 ሰዓት ጀምሮ መድፉ ዝም አለ። በስምምነቱ መሠረት ሁለቱም ወገኖች በ72 ሰዓት ውስጥ ከግንባሩ መሥመር ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሸሹ፥ በመካከል የቀረውም ምድር ከምሽግ፥ ከሽቦና ከፈንጂ እንዲጸዳ ተወሰነ።

ስለዚህ ወታደሩ የገነባውን ማፍረስ ያዘ። ጣራው ይገለጣል፤ ጆንያው ይራገፋል፤ ግንዱ እየተነቀለ ወደ ኋላ ተወስዶ ለአዲሱ መሥመር ምሽግ ይሆናል። የፈንጂው ወረቀት ዋጋው ያን ጊዜ ታወቀ፤ የተጻፈው በቦታው ተገኘ፤ ያልተጻፈው ግን ከጦርነቱ በኋላም ሰው ይገድል ነበር። «ቤት ስታፈርስ የሠሪውን ሐቀኝነት ታያለህ» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። «አንዳንዱ ምሽግ ስትነካው ይወድቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስምንት ሰው ታግሎት አይነቃነቅም። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ጆንያ ናቸው።»

በጦርነቱ ዘመን ከዘመቱት 3,518 የቃኘው ወታደሮች መካከል ከ120 በላይ ሲሞቱ 536 ቈስለዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። ከተኩስ ማቆሙ በኋላ የዘመቱት ሲጨመሩ የሁሉም ቍጥር 6,037 ይደርሳል። ሰላም ከሆነ በኋላም ወታደሮቹ ዶንግዱቾን በሚባል ከተማ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው፥ ከደመወዛቸው እያዋጡ ይረዱ ነበር።

ሜዳዩ የተቀበረበት

ሃምሳ አለቃ ከኮርያ ሲመለሱ በክቡር ዘበኛ ቆዩ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ግን ክቡር ዘበኛ ሲበተን፥ እሳቸውም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በመንገድ ሥራ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው፥ ከመንገድ ሥር የሚያልፈውን የውሃ ቱቦ በማስቀመጥ ብዙ ዓመት ሠሩ። በዚህ ሥራ ማንም ሳያስተምራቸው ዐዋቂ ሆነው መገኘታቸው አለቆቻቸውን ያስደንቅ ነበር።

በደርግ ዘመን መንግሥቱ ከሰሜን ኮርያ ጋራ ወዳጅ ስለ ነበረ፥ «ቃኘው ነበርሁ» ማለት የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ሜዳያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በጓሯቸው ቀበሩት። ጊዜው ሲለወጥ ሊያወጡት ቢቈፍሩ አጡት። «ፈንጂ ስቀብር ካርታ ጽፌ ነበር፤ ሜዳዬን ስቀብር ግን ካርታ አልጻፍሁም» ብለው ሲሥቁ፥ እኔ አብሬ ለመሣቅ አቃተኝ።

ያፈረሱትና የገነቡት አገር ግን አልረሳቸውም። በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የተሠራው ሐውልት በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመርቋል። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የመታሰቢያ ቤት ተከፍቷል። ያ ሃምሳ አለቃ ያዩት፥ ዛፉ በመድፍ የተመለጠው፥ ሕፃኑ በየመንገዱ ያለቅስ የነበረው አገር፥ ዛሬ መርከብና መኪና ሠርቶ ለዓለም ይሸጣል።

ቦረቦሩ የማነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሄደ ሰው ቦረቦር ሳያይ አይመለስም። ትናንት ከብት ይሻገረው የነበረ ትንሽ ቦይ፥ በጥቂት ክረምት ውስጥ ቤት የሚውጥ ገደል ይሆናል። ከምክንያቶቹም አንዱ ያው ፈሰስ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ማሳ ለማዳን ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ያወርዳል፤ ጎረቤቱም ወደ ታችኛው። ከሁሉም በታች ያለው ሰው የሁሉንም ውሃ ይቀበላል፤ መሬቱም ተሰንጥቆ ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት ጎረቤታሞች ሲጣሉ፥ ሃምሳ አለቃ ለሽምግልና ይጠራሉ። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር መስማት አይወዱም። ሁለቱንም ተሟጋቾች ዝናብ እየዘነበ ይወስዷቸውና፥ ከላይኛው ማሳ ጀምረው ውሃውን እየተከተሉ እስከ ቦረቦሩ አፍ ድረስ እንዲወርዱ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ወርጃለሁ። የላይኛው ገበሬ ሲነሣ፥ «በገዛ መሬቴ ፈሰስ ባወጣ ማን ይከለክለኛል?» እያለ ነበር። ከታች ስንደርስ የጎረቤቱ የበቈሎ ማሳ ግማሹ ወደ ገደል ገብቶ ሲያይ፥ ነጠላውን አስተካክሎ ዝም አለ። ሃምሳ አለቃም አልተናገሩትም። በሳምንቱ ሁለቱ ሰዎች አንድ የጋራ ፈሰስ አውጥተው፥ ውሃውን ሣር ወደ በቀለበት መስክ መለሱት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተ ተማሪ ከሆንህ በሰፈርህ ያለውን አዛውንት «ስንት ጣልህ?» ብለህ ብቻ አትለፈው። ምን ሠራህ፥ እንዴት ሠራኸው፥ ምን ተበላሸብህ ብለህ ጠይቀው፤ የሚነግርህንም በወረቀት ጻፈው። የ3ኛው ቃኘው ተራ ወታደር የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ነው፤ ካርታ ሳይጻፍለት የሚቀበር ሜዳይ ደግሞ አይገኝም።

አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ደግሞ፥ ማሳህ ጠረጴዛህ ናት። ውሳኔ ሳትሰጥበት ወደ ሌላ ክፍል የመራኸው ማመልከቻ፥ «ነገ ተመለስ» ብለህ የሸኘኸው ባለጕዳይ፥ ከጠረጴዛህ ሲነሣ ወለልህ የደረቀ ይመስልሃል። ነገር ግን ያ ውሃ አልጠፋም፤ ወደ ታች ወርዷል። ከታች ያለው ሰው ምናልባት ከቡሬ ወይም ከደምበጫ ገጠር ሌሊቱን በእግሩ ሲገሠግሥ ያደረ ገበሬ ነው። ነገ ጧት ቢሮህ ስትገባ መዝገቡን አንድ ጊዜ ተከትለህ ውረድና በማን ጣራ ላይ እንደሚያርፍ ተመልከት።